«ይከፈላል» ስለተባለው ደመወዝ

ለትምህርት ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለወላጆች ኮሚቴ
ጉዳዩ፦ የቀረበልኝን የሥራ ግብዣ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ፣ ቢሮዎስ፣ በቅርቡ ያስገቡት የቆዳ ወንበርስ ተመቸዎት? እኔ ለዕድሜዬ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል እንጂ ሌላው ሁሉ በየቦታው አለ። አርባ ዓመት አስተምሮ ጡረታ የወጣ የሰዋስው መምህርን አስታውሰው ደብዳቤ መላክዎ በራሱ ትልቅ ነገር ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ሰው ሲያረጅ የሚጻፍለት የመብራትና የውኃ ሒሳብ ብቻ ነው።

ደብዳቤዎን እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ለሐሳቡ፣ ቀጥሎ ለሰዋስዉ፣ በመጨረሻ ደግሞ ለማመን። ያስተዋልኩትን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ደመወዙ የተወሰነው «ለሙያው ያለዎትን ፍቅር ከግምት ውስጥ በማስገባት» እንደሆነ ገልጸዋል። ፍቅሬ ይህን ያህል እንደሚያስቀንስብኝ ባውቅ ኖሮ ገና በወጣትነቴ ደበቅ አደርገው ነበር። ባለቤቴ የዓይን ግፊት አለባት፤ ጠብታዋን የሚሸጥልን ፋርማሲስትም ደግ ሰው ነው። ሆኖም ሒሳቡን ለሙያው ካለኝ ፍቅር ላይ እንዲቀንስልኝ ለመጠየቅ እስካሁን ድፍረቱን አላገኘሁም።

፪ኛ. ሥራው ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልን ማስተማር፣ ደብተር ማረም፣ ቤተ መጻሕፍቱን መቆጣጠር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጠናከሪያ መስጠት፣ እንዲሁም «ከቅርብ ኃላፊ የሚታዘዙ ሌሎች ተያያዥ ሥራዎችን» ማከናወን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ አያሳስበኝም፤ ቁልፉ ከጠፋ ሦስተኛ ዓመቱ ስለሆነ ከውጭ ሆኖ መቆጣጠር ይቻላል። «ተያያዥ» የተባሉት ከምን ጋር እንደሚያያዙ ግን ደብዳቤውን ገልብጬ ጀርባውን ሳይቀር አይቼ አጣሁት።

፫ኛ. ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እንዲህ ጽፈዋል፦ «የተጠቀሰው ደመወዝ ለሁለቱ የሰዋስው መምህራን በየወሩ ይከፈላል።»

እንደ ዓረፍተ ነገር ምንም አይወጣለትም። ባለቤቱ አለ፣ ማሰሪያ አንቀጹም በቦታው ተቀምጧል። እኔም እንደ ማንኛውም የዋህ አንባቢ ለእኔም፣ አሁን ለምታስተምረው መምህርትም፣ ለየራሳችን የሚሰጠን መሰለኝ። እንዲያም ሆኖ ትንሽ ነበር። ቢሆንም ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ እሷም በልቧ ጠብታውን ገዝታ፣ ሐኪሙ ያዘዘላትን መነጽር አሠርታ፣ ለእኔ ጫማ እስከ መጨመር ደርሳ ነበር። ጫማው ላይ ስትደርስ ትንሽ አሰብ አድርጋ «አይ፣ ያንተ ሶሉ ብቻ ይቀየር» ብላ መለሰችው።

በማግሥቱ ነገሩን ላረጋግጥ ወደ ሒሳብ ክፍልዎ ጎራ አልኩ። ሠራተኛዋ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «አባባ፣ ይከፈላል ማለት እኮ ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው፤ ግማሹ ለእርስዎ፣ ግማሹ ለእሷ» አለችኝ፤ ከዚያም «ያው አንድ ደመወዝ ነው» ብላ አጽናናችኝ።

ክቡር ሆይ፣ መክፈል ገንዘብ መስጠትም፣ አንዱን ነገር ሁለት ማድረግም እንደሆነ አርባ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ተማሪዎቼን የሚያስቃቸው ጥሩ ምሳሌ ፍለጋ ብዙ ደክሜያለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ቢሆን ምሳሌውን ቤቴ ድረስ ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፬ኛ. «እሷ» የተባለችውን መምህርት አውቃታለሁ፤ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ከሒሳብ ክፍል ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ፤ እጇ በማርከር ቀለም ተለቅልቆ፣ የስድስት ክፍል ደብተር እንደ ሕፃን ታቅፋ። «ቲቸር! ረዳት ይመጣልሻል ብለውኝ ነበር፤ እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብላ ደብተሩን መስኮት ላይ አስቀምጣ ሳመችኝ። የነገሯት ይህንኑ ብቻ ነው። ደብዳቤውን ሰጠኋት። አንዴ አነበበችው፤ ደግማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ ከዚያ ያንኑ ግስ በጣቷ ይዛ «ቲቸር፣ የትኛው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ለማወቅ ፊቴን ማየት በቅቷታል። ደብዳቤውን አጥፋ ስትመልስልኝ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ እኮ የጠየቅኩት ጭማሪ ነበር።»

ጭማሪ ለጠየቀ ሰው ሰው መጨመር ብልሃት ነው፤ አልክድም። ይሁንና ይህች ልጅ ሁለት ሕፃናት ይዛ የምትኖረው በአንድ የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው፤ አከራይዋም ግማሽ ክፍል አያከራዩም።

እንግዲህ ግብዣዎን በታላቅ አክብሮት አልቀበለውም። ገንዘቡ አላስፈለገኝም ብዬ አልኮራም፤ ያስፈልገኛል። ወደ ክፍል መመለሱም ናፍቆኛል፤ ከዚህ በላይ ብጽፍ እርስዎ ፍቅር ብለው ሌላ ነገር ይቀንሱበታልና ልተወው። ነገር ግን አርሜ ባሳደግኳት ልጅ እንጀራ ላይ ቁጭ ብዬ የሌሎችን ደብተር ማረም አልችልም። ባለቤቴም ይህን ስነግራት «መነጽሩ ይቆየኝ፤ አንተ ብቻ በደንብ አድርገህ ጻፈው» አለችኝ። የምችለውን ያህል ጽፌዋለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ደመወዟ ሳይከፈል ይከፈላት። የሒሳብ ክፍልዎ እንዳይቸገር ይህንኑ በቀላል ቋንቋ ልድገመው፦ ሙሉውን ለእሷ ይስጧት። የጠየቀችው ጭማሪ ምን እንደደረሰ ደግሞ የወላጆች ኮሚቴ በሚቀጥለው ስብሰባው እንዲጠይቅዎ በግልባጩ አደራ ብያለሁ፤ ልጆቻቸውን የምታስተምረው እሷ ናትና።

ከመቀመጫዎ ሳይነሱ፣ ከጤናዎ ሳይጎድሉ፣ ለሙያው ያለዎት ፍቅርም በማንም ሳይገመትብዎ እንዲኖሩ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ (ጉልበቴ እስከ ፈቀደልኝ) እጅ እነሳለሁ።

ሙሉ ሆኖ የቀረው
ጡረተኛው የሰዋስው መምህር

ማስታወሻ፦ ፖስታው ስላልታሸገ ደብዳቤውን ያደረሰልኝ የግቢዎ ጥበቃ መንገድ ላይ አንብቦት ኖሯል፤ እባክዎ አይቆጡት። ሲሰጠኝ ኮፍያውን አውልቆ «ጋሼ፣ ያጽናዎት» ሲለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እኔ በሦስት ንባብ ያልደረስኩበትን እሱ እየተራመደ ደርሶበታልና፣ የሰዋስው ረዳት የግድ ካስፈለገዎት ሩቅ አይሂዱ፤ በርዎ ላይ ቆሟል።