በአባባ ፈንታ የመለስኩት

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለእታለም ሀያት እንድሪስ፤ ኮምቦልቻ።

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሽልኛል? ይመርስ እንዴት ነው፣ ያ ሲያስቸግረው የነበረው ወገቡ ተሻለው? ሰሚራ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹስ ጥርስ አወጣ ወይስ ገና ድዱን እያሳየ ይስቃል? አማትሽ እትዬ ዘሀራ ዓይናቸው በራላቸው ወይስ አሁንም ሰውን የሚለዩት በኮቴው ነው? እኔ በበኩሌ «ደህና ነን» ልልሽ ነበር፤ ግን ይህችን ቃል ዘንድሮ ከልክ በላይ ስለሠራሁባት ትንሽ ላሳርፋት ብያለሁ። በሕይወት አለን፣ አልሀምዱሊላህ። አባባም አለ። ይህን ደግሞ እንደ ወትሮው ለወጉ ብዬ አልጻፍኩትም።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትይኝ ይሆናል። በስልክ መዋሸት ይቀለኛል። አንቺ «አባባ እንዴት ነው?» ትያለሽ፣ እኔ «ትንሽ ግፊት ናት» እላለሁ፣ ኔትወርኩ ይቋረጣል፣ ሁለታችንም ኔትወርኩን እንረግማለን፤ እኔ ግን በልቤ አመሰግነዋለሁ። ወረቀት አይቋረጥም። ስለዚህ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። በሰው እጅ እንዳልልከው የመንገዱን ነገር ታውቂዋለሽ፤ እስኪደርስሽ ሰሚራ ትዳራለች።

እንግዲህ እውነቱን ስሚ። የአባባ ሕመም ግፊት አልነበረም። መስከረም ላይ ግራ እግሩ አበጠ። እማማ በቅቤ አሸችው፣ አልጎደለም። ሆስፒታል ስንወስደው እግሩ ውስጥ ደም ረግቷል ተባለና አስተኙት፤ ደም የሚያቀጥን ክኒንም ጀመሩለት። በገባ ዕለት ኡርጂ የምትባል ነርስ አልጋው አጠገብ ቆማ «አካም ቡልተን፣ አባኮ?» አለችው። ፊቱ በራ። ጊዳ አያናን ለቅቀው እኔ ዘንድ ነቀምቴ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ከገቡ ወዲህ እንዲህ በማዕረግ ሰላም ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ በዚያው በኦሮምኛ ጠየቀችው፤ ከእኛ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ፣ ከፋርማሲም ይሁን ከጓዳ፣ ወይም ሰው የሰጠዎት?

አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። የአባባን መልስ ታውቂዋለሽ፤ ከሥሩ ነው የሚጀምረው። እማማ ወለላ ማለዳ ማለዳ በማር ለውሳ ስለምትሰጠው ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ ጀመረ፤ ማሩን ከየት እንደምታገኘው ሊናገር ሲል ቀና ብዬ አየሁ። ነጭ ጋዋን የለበሱት ተሰብስበዋል፤ አንደኛው የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ባዮሎጂ ሳስተምረው ሰሌዳ ላይ ልብና ደም ሥር በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ የሳልኩለት ልጅ ነው። ቀደም አልኩና «ምንም አይወስድም» አልኳት። አባባ አየኝ። የቀረችውን ንግግሩን መልሶ ዋጣት። በሰው ፊት በነጭ ሽንኩርት አፈርኩ፣ እታለም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለው ሰው በነጭ ሽንኩርት አፈረ።

ማሩ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከማሩ ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ ነገር ነበረ፤ እኔ አላውቀውም፣ ለማወቅም ፋታ አልሰጠሁትም።

አሁን የሚያስቀው ይመጣል፤ ለሚስቅ። ሆስፒታሉ በዚያው ሰሞን አዲስ ነገር ጀምሮ ነበር። በሕክምና ላይ ስሕተት እንዳይደርስ ሐኪሞቹ ብቻቸውን አይምከሩ፣ ታካሚና አስታማሚም ገብቶ ያየውን ይናገር ተባለ። ከየክፍሉ አንድ አንድ አስታማሚ ምረጡ ሲባል፣ የእኛ ክፍል እኔን መረጠ። መነጽር አለኝ፣ ረጅም ዓረፍተ ነገርም አልፈራም። «የአስታማሚዎች ተወካይ» የሚል ባጅ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። በመጀመሪያው ስብሰባ ተነሥቼ ታካሚው ራሱ ይደመጥ፣ ከእሱ በላይ ስለ ገላው የሚያውቅ የለም ብዬ ተናገርኩ። በእውነት ጥሩ ንግግር ነበር። ስናገረው አባባ ከግድግዳው ወዲያ ያላስጨረስኩትን ወሬ ይዞ ተኝቷል።

የእግሩ እብጠት ጎደለለትና ቤት ገባ። ክኒኑን እየዋጠ ጥቂት እንደ ሰነበተ አንድ ጧት ነሰረው፤ አልቆም አለ። ሽንቱም ደም ሆነ። በባጃጅ ስናከንፈው እማማ በሻርፗ አፍንጫውን ይዛ ቁርኣን ትቀራለች፤ እሱ ባጃጅ ነጂውን «መቀመጫህን አበላሸሁብህ ልጄ» እያለ ይቅርታ ይጠይቃል። እኔ ምንም አላልኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ።

ይህ ዝምታዬም አልቆየም። ዶክተር ጨመዳ መጣና ያንኑ ጥያቄ ደገመው፤ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ? አባባ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እኔ «የለም» አልኩ። ደሙን እያየሁ ማለት ነው። ፊተኛው ቃሌ እንዳይፈርስ ብዬ ሁለተኛ ዋሸሁ፤ እንግዲህ በዚህ ላይ ምን እጨምርልሻለሁ።

ያወጣን ቢራቱ ነው። ቢራቱን ታስታውሺዋለሽ፣ ጊዳ አያና ሳለን የአጥር ጎረቤታችን፣ ከአባባ ጋር በሬ ይቀናጁ የነበረው። እሱም እንደኛ አገሩን ለቆ ነቀምቴ ነው ያለው። የጠያቂ ሰዓት ሲደርስ ባርኔጣውን አውልቆ ገባና ከኪሱ መሐረብ አወጣ፤ መሐረቡን ፈታ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ያ እንድሪስ፣ ያለ ክኒንህ አድረህ ይሆናል ብዬ ይዤልህ መጣሁ» አለው። ዶክተሩ እጁን ዘረጋ። ለቢራቱ ለራሱ ጉልበት ዲጋ ሄዶ ሲታከም የታዘዘለት ማስታገሻ ነበር። አባባም ጉልበቱን ሲያመው፣ እሱ ምን ያድርግ፣ አካፈለው። ድሮ አንድ አንድ በሬ አምጥተው ያርሱ ነበር፤ አሁን በሬ የለ፣ ክኒን ተቀናጁ። ሁለቱም ከዚህ የበለጠ መዋደድ አያውቁም።

ዶክተሩ ማስታገሻው ደም ከሚያቀጥነው ክኒን ጋር ሲገናኝ ደም እንደሚያፈስ፣ ማሩና ሽንኩርቱም ነገሩን ሳያባብሰው እንዳልቀረ ነገረን። ቀድመን ብናውቅ በሌላ እንለውጥልዎ ነበር አለ። ከዚያ አባባን ጠየቀው፤ አባባም ሁሉንም ከሥሩ ጀምሮ፣ ከእነማሩ፣ ነገረው። ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩንም ሲለው፣ «ልጨርስ ስል ልጄ ቸኮለ» አለ። እኔን ለመክሰስ አልነበረም። ዝናብ ስለመጣ ስንዴው ሳይታጨድ ቀረ እንደሚል ሰው ነው የተናገረው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል የአገራችን ሰው። የታመመው ሊናገር ሲል ልጁ ስለደበቀበት ግን የተተረተ የለም። አባቶቻችን ይህን ያህል አላሰቡም ነበር።

ደም ተሰጠው፣ አላህ አተረፈልን። ከዚያ ጉዳዩ ያው እኔ አባል የሆንኩበት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ስም አይጠራም ተባለ፤ ስለዚህ ሁሉም ዝም ብሎ ኡርጂን ያያታል። አንድ አባል ነርሷ በደንብ ስላልጠየቀች ነው፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍባት፣ ለሌላውም ትምህርት ይሆናል አለ። እኔ ባጄን አንጠልጥዬ ሻዬን እያማሰልኩ ነበር። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። አሁን ተናገር እላለሁ ለራሴ፤ እጄ ያማስላል።

ኡርጂ ቆመች። «ጠይቄያለሁ» አለች። «አባታችን መመለስ ጀምረው ነበር። ሌላ ሰው መለሰልኝ፣ እኔም የሌላውን ሰው መልስ ያዝኩ። ጥፋቴ ይኼ ነው፤ እሳቸውን ላስጨርሳቸው ይገባኝ ነበር።» ወደ እኔ አላየችም። ስሜን ጠርታ ቢሆን እሟገታት ነበር፤ ለዚያ ለዚያ አፍ አላጣም። «ሌላ ሰው» አለችና አለፈች። አባቴ አልጋ አጠገብ የተቀመጥኩ ሌላ ሰው። ያን ጊዜ ነው የተነሣሁት። ሌላው ሰው እኔ ነኝ፣ የዋሸሁት ሁለት ጊዜ ነው፣ የዋሸሁትም አፍሬ ነው አልኳቸው።

ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ? አጨበጨቡ። ሰብሳቢው የአስታማሚ ተሳትፎ ማለት እንዲህ ነው ብሎ አመሰገነኝ። እኔ እንኳን አሥር ዓመት ሳስተምር አንድ ቀን ተጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ አባቴን ለጥቂት ሳልገድለው ስቀር ተጨበጨበልኝ። የኡርጂ ማስጠንቀቂያ ቀረ፤ ያ ብቻ ደስ ብሎኛል። ከእንግዲህ ታካሚው መጀመሪያ ብቻውን ይጠየቅ፣ አስታማሚው ከዚያ በኋላ ይጨምር፣ ቤት ያለው የሚዋጥ የሚጠጣ ሁሉ በፌስታል ታጭቆ ይምጣ ተብሎ ተወሰነ። ይህንን ለአዲስ አስታማሚዎች የማስረዳው እኔ ነኝ። በደንብ አስረዳለሁ። ግን እዚያ ቦታ ስደርስ እስካሁን «አንድ አስታማሚ ነበረ» ነው የምለው። «እኔ» የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

አባባ ሊወጣ ሲል ኡርጂ በአዲሱ ደንብ መሠረት እኔን በትህትና ከበር አስወጣችኝ። በሩ ጠቦ ስለማይገጥም ይሰማል። ቁጭ ብላ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ ቤት ሲገቡ ምን ምን እንደሚወስዱ ይንገሩኝ፣ የሚያምዎትም ነገር ካለ አለችው።   «ልጄን ጠይቂው» አላት። «የሚያውቀው እሱ ነው።» ደግማ ብትጠይቀው ያችኑ አለ። በሩን ከፍታ አየችኝ፤ እኔም የምሄድበት ጠፍቶኝ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ማንበብ ጀመርኩ።

እታለም፣ ይህንን ሁሉ የጻፍኩልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ስምንት ልጅ አሳድጎ፣ ከወሎ ድረስ በረሃብ ዘመን መጥቶ፣ በማያውቀው ቋንቋ ጎረቤት አፍርቶ የኖረ ሰው፣ አሁን ስለ ገዛ አካሉ ሲጠየቅ የእኔን ፊት ያያል። ቢያመው እንኳ አይናገርም ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ስትደውዪ «አባባ እንዴት ነው» ብለሽ እኔን አትጠይቂኝ። ስልኩን ስጠው በዪኝ። ጠይቂውና ዝም በዪ። ከዝናቡ ይጀምራል፣ በጊዳ አያና ከብቶች በኩል ይዞራል፣ አንቺ ግን አታቋርጪው፤ ወደ ነገሩ ይመጣል። አንቺን ፈርቶሽ አያውቅም። እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ።

እማማ ወለላ ዓይንሽን በናፍቆት ስማለች፤ ማሩን አቁሚ ስለተባለች አኩርፋለች፣ የጥንት ነገር ሁሉ መርዝ ሆነ ወይ ትላለች። ቢራቱ እንደ ድሮው ይመጣል፤ ጥፋቱ ያንተ አይደለም ብለው አላምን ብሎኝ፣ ሲገባ ከሰላምታው በፊት የአባባን አፍንጫ ያያል። ለይመር ሰላም በዪልኝ፣ ለወገቡ ያገኘውን ሁሉ እንዳይውጥ። ሰሚራን ሳሚልኝ፤ ባዮሎጂ ከከበዳት ሌላ አስተማሪ ትጠይቅ። ትንሹን ጉንጩን ንከሺልኝ። እትዬ ዘሀራን ጉልበት ስመሽ ዱዓ አስደርጊልኝ።

አባባን ለሀያት እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልህ አልኩት። «አንተው የሚሆነውን ጻፍላት» አለኝ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ጠበቅሁ። ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «ጉልበቴን ያመኛል በላት፤ ክኒኑን ከወሰዱብኝ ወዲህ ማንም አልጠየቀኝም» አለ።

እንዳለው ጽፌዋለሁ።

ወንድምሽ ባሕሩ እንድሪስ
ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.