የአራት ቁጥር መጋዘን ሦስት ምሰሶዎች

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከአራቱ በቀር ጥርሴ የራሴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ራሴ እተኩሳለሁ። ከምኖርበት ከቂርያት መላኪ ወደ ወደቡ የሚሄደውን አውቶቡስ ማንም ሳይደግፈኝ እሳፈራለሁ። መሰላል እስከ ሰባተኛው እርከን እወጣለሁ። ከዚያ በላይ የከለከለኝ የለም፣ እኔው ትቼው ነው። ግድግዳ በመዶሻ ብመታ ውስጡ ባዶ ይሁን ሙሉ በድምፁ አውቃለሁ።

ዓይኔ ግን... ተወው።

ከወደቡ የጥገና ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም በሳምንት ሁለት ጠዋት ይጠሩኛል። እሑድና ረቡዕ። ወረቀታቸው ላይ የሌለ ቧንቧ እኔ ጭንቅላት ውስጥ አለ። ሪናት ልጄ ከገዴራ እየደወለች "አባ፣ ዳይ፣ ይበቃዎታል" ትለኛለች። እናቷ እታፈራሁ ከሞተች ወዲህ ባሰባት። ቤቷ እንድገባ ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ቤት አለኝ።

ዛሬ አዲስ መሐንዲስ መጣች። ያረጁትን ሕንፃዎች ልትመረምር ነው። የሚፈርሰው ፈርሶ በአዲስ ይተካል፣ የሚጠገነው ይጠገናል። ሆዳያ ትባላለች። የኛው የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት፣ እዚሁ የተወለደች። "አንተ" ብላ ጀመረችና ደንግጣ "አንቱ" አለች። ቤሰደር፣ ግድ የለም፣ እንደቀናሽ ጥሪኝ አልኳት።

የባሕሩ ጨው ኮንክሪቱ ውስጥ ገብቶ ብረቱን እንደሚበላው፣ ብረቱ ሲዝግ አብጦ ኮንክሪቱን እንደሚያፈነዳው አስረዳችኝ። እኔን! ሠላሳ ዓመት በእጄ የሠራሁትን። እስክትጨርስ ሰማኋት። ስታስረዳ ደስ ትላለች።

አራት ቁጥርን አሳየኋት። አሥራ ሁለት ምሰሶ ያለው መጋዘን። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከስድስት ሰው ጋር ያደስኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ከአራት ቁጥር ሁለት ምሰሶ አስከፈተች። ሦስተኛውንና ስድስተኛውን። ብረቱ ትናንት የተቀባ ነው የሚመስል። ፎቶ አነሳች። መናሄሉን፣ የሁላችንን ኃላፊ፣ ጠርታ አሳየችው። ጨበጠኝ። ሠራተኛው ሁሉ እያየ።

ከዚያ ከድሮው ፋይል አንድ ወረቀት አወጣች።

"አሥራ ሁለቱም ምሰሶ ተከፍቶ፣ ዝገቱ ተጠርጎ፣ ተቀብቶ ተዘግቷል ይላል። ፊርማው የአንቱ ነው፣ በአማርኛ ፊደል።"

ሁለትና ሦስት ቁጥር ይፈርሳሉ። አራት ቁጥር ይቆያል፣ ጣሪያው ብቻ ይቀየራል። በዚህ ወረቀት ምክንያት ነው አለች። ማታ ለሪናት ስልክ ደውዬ አወራኋት። ኮራሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን...

አሥራ ሁለቱም ይላል?

ወረቀቱ በዕብራይስጥ ነበር። እኔ ዕብራይስጥ አላነብም። ፊደል የቆጠርኩት አገር ቤት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እሱም ጎልምሼ። ምን እንደሚል በምን አውቃለሁ?

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ቤት ዋልኩ። ቀኔ አይደለም።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ልጻፈው። የሚያነበው የለም።

ያን ጊዜ ምሰሶዎቹን የምንከፍተው ከመንገዱ በኩል ጀምረን ወደ ባሕሩ ነበር። ኮንክሪቱን እንሰብራለን፣ ፌሮው ሲወጣ በሽቦ ብሩሽ እንፈትጋለን፣ እንቀባለን፣ እንዘጋለን። አንዱ ምሰሶ አራት ቀን ይፈጃል። ዘጠኙን ጨረስን። ሦስቱ ቀሩ። ባሕሩን የሚያዩት፣ ከሁሉም የባሱት።

ስግድ ደረሰ፣ ጾመን ኢየሩሳሌም ወጥተን የምንጸልይበት በዓላችን። እታፈራሁ እግሯን አሟት ሦስት ዓመት ሳትወጣ ቀርታ ነበር። በዚያ ዓመት ኢየሩሳሌም ላደርሳት ቃል ገባሁ። ለአለቃዬ ሁለት ቀን ጠብቀኝ አልኩት። እሺ አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ከላይ ሰዎች ለጉብኝት ሊመጡ ኖሯል፣ አልጠበቀም።

ስመለስ ሦስቱም ተለስነዋል። ነጭ ቀለም ተቀብተዋል። የለሰነው ፈንቴ ነው፣ ጓደኛዬ። "ዝጋ አለኝ፣ ዘጋሁ" አለኝ።

ከዚያ አለቃው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ። እዚህ ጋ ፈርም። ቢሮው ውስጥ የሚያነቡልኝ ልጆች ነበሩ። አልጠየቅኩም። ስድስት ሰው የማዝ ሰውዬ "አንብቡልኝ" ልበል? ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በመዶሻ ስዞር ዘጠነኛው ላይ እቆማለሁ። ለምን እንደምቆም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ነው ወይስ አውቄ ነው ያልጠየቅኩት?

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ አራት ቁጥር ገባሁ። ከሠላሳ በላይ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ካርቶን ያሽጋሉ። ከአሥረኛው ምሰሶ ፊት መደርደሪያ ቆሟል። በመደርደሪያው መሃል እጄን አስገብቼ መታሁ።

ባዶ ነው። አሥራ አንደኛውን ስመታ ውስጡ የሆነ ነገር ወረደ፣ እንደ ጠጠር። አሥራ ሁለተኛውን አልመታሁም። እጄ አልሄደልኝም።

ሆዳያ ከኋላዬ ቆማ ኖሯል። "ምን ይላል አባ ጥላዬ?" አለች እየሳቀች።

"ደህና ነው" አልኳት።

የወጣልኝ እሱ ነው። ደህና ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ሪፖርቱን ትፈርማለች። በስሟ ብቻ የምትፈርመው የመጀመሪያዋ ትልቅ ሥራ ነው። እናቷ ድግስ ልትደግስ ነው፣ አንቱም ይምጡ አለችኝ። እሷ ከፈረመች ያ መጋዘን ሌላ ሃያ ዓመት ሰው ይገባበታል። ሳልነግራት ብቀር እኔ ያላየሁትን ነው የምታጸድቀው... አይደለም። ያየሁትን።

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ያቭነ ሄድኩ፣ ፈንቴ ቤት። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ገና ሳልቀመጥ "አሁንም ወደቡን ተሸክመህ ትዞራለህ?" አለኝ። አንተን ወንበር ተሸክሞህ ይዋል እንጂ አልኩት። ሳቅን።

ከዚያ ነገርኩት። ሳቁ ቆመ።

አሥራ አንድ ዓመት ቆሟል፣ ካንተም ከኔም በላይ ይቆማል አለ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ አልኩት። ቡናውን ፊቱ ላይ አቀዘቀዘው።

"ስንት ዓመት ሠራን እዚያ? ስለኛ ሰው ጥሩ ሲባል ስንቴ ሰማህ? አሁን በስተርጅና 'ኢትዮጵያዊው ውሸት ፈረመ' ይባልልህ?"

ወረቀቱ በዕብራይስጥ ነበር አልኩት።

"ዕብራይስጡን ባታነብ ምሰሶውን አይተሃል። እኔ ለሰንኩ፣ አንተ ፈረምክ።"

እውነቱን ነው። አሥራ አንድ ዓመት ከዚያ ወረቀት ጀርባ ተደብቄ ፈንቴ ነው ያወጣኝ፣ ከመናገር ሊያስቀረኝ ብሎ።

ስወጣ የፈለግከውን አድርግ አለኝ፣ የኔን ስም ግን እንዳትጠራ። ሰንበት ሊገባ ስለሆነ በአውቶቡሱ ተጣድፌ ተመለስኩ። በሩ ላይ አልተሰነባበትንም።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

ነገርኳት።

ጠዋት በር ላይ ጠበቅኳት። "ዘጠኝ ናቸው" አልኳት። ምን ዘጠኝ አለች። የተሠሩት አልኳት። ሦስቱ ውጪያቸው ነው የተለሰነው። ረቡዕም ደህና ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

"ለምን ፈረምክ?" አለች። አንተ አለችኝ፣ አላረመችውም።

"ማንበብ አልችልም። አንብቡልኝ ማለት አፈርኩ" አልኳት። ደግሞ ጨመርኩ፣ "እሱ ሰበብ ነው። ባላነበውም አውቅ ነበር።"

"እኔ እኮ ያንተን ፊርማ አይቼ ልፈርም ነበር።"

ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። ሬዲዮዋን ይዛ ሰዉን ሁሉ አስወጣች። በሩብ ሰዓት ውስጥ አንድም ሰው አልቀረም። ምን ተፈጠረ እያሉ ሲያልፉ ወደኔ ያያሉ፣ እኔ የቧንቧው ሰውዬ ነኝ ለነሱ። መደርደሪያውን በፎርክሊፍት አነሱት። አሥረኛውን ከፈቱ። ልስኑ እንደ ልጣጭ ነው የወረደው። እንደ አውራ ጣቴ የሚወፍር ፌሮ አራት መሆን ነበረበት። ሁለቱ የሉም። ቀይ አፈር ሆነዋል። ሦስተኛውን በጣቴ ነካሁት፣ ረገፈ።

አንድ ወጣት ሠራተኛ ከበሩ አንገቱን አስግጎ አየና "እኔ እኮ እዚህ ተደግፌ ነው የማርፍ" አለ፣ ለማንም ሳይል።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ቢሮ ተጠራሁ። መናሄሉ፣ አንድ የሕግ ሰው፣ ሆዳያ። ከመጀመሪያው እንድናገር ጠየቁኝ፣ ተናገርኩ። ሌላ ማን ነበር አሉ። ከስድስት ሰው ጋር ነበርኩ፣ ኃላፊው እኔ ነኝ፣ ስለኔ ብቻ ነው የምናገር አልኩ። የሕግ ሰውዬው ደጋግሞ ጠየቀኝ። እኔም ደጋግሜ ያንኑ።

ያልኩትን በዕብራይስጥ ጽፈው ፈርም አሉኝ።

"አንብቡልኝ" አልኩ።

ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ሆዳያ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና በአማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። አማርኛዋ ይሰበራል፣ አንዳንዱን ቃል ስታጣው በእጇ ታሳያለች። አንድ ቦታ "አላወቀም ነበር" ይላል። እንደሱ አላልኩም፣ አውቅ ነበር ነው ያልኩት አልኩ። አስተካከሉት። ድጋሚ አንብቢልኝ አልኳት። አነበበች። ፈረምኩ።

ከእሑድ ጀምሮ እንዳልመጣ ነገሩኝ። የመግቢያ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አልተቆጣሁም። ለካ አንብቡልኝ ማለት አንድ ቃል ነው።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ሪናት መጣች። ሰምታለች። በጠና የታመምኩ ይመስል አለቀሰች። አሁንስ እኛ ጋ ይምጡ አለች። ቤቴ ምሰሶው ደህና ነው አልኳት። መጀመሪያ አልሳቀችም፣ ኋላ ሳቀች።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ትናንት ስግድ ነበር። ኢየሩሳሌም ወጣሁ፣ ብቻዬን። ቄሶቹ ሲጸልዩ ከኋላ ቆምኩ። ጾሙ አልከበደኝም። ሌላው ከበደኝ።

ዛሬ ጠዋት ሆዳያ ደወለች። ሪፖርቱን ፈርማለች። አራት ቁጥርም ይፈርሳል፣ በቦታው አዲስ ይሠራል። ሠራተኞቹን ለጊዜው ድንኳን ውስጥ አስገብተዋቸዋል። ድምጿ ደረቅ ነው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩ። አንድ ነገር ነው የጠየቀችኝ።

"አባ ጥላዬ፣ ሌላ የተሸፈነ አለ?"

እሑድ በሩ ላይ ጠብቂኝ አልኳት። ካርድ የለኝም፣ አንቺ ታስገቢኛለሽ።

የምከፍለውን ዕዳ እጽፋለሁ። ራሴ ነኝ የምከፍለው፣ ለሪናት አላወርሰውም።

በስድስት ቁጥር፣ ከመታጠቢያው ጀርባ፣ የተሰነጠቀ የፍሳሽ ቱቦ አለ። እያወቅን ሲሚንቶ አፈሰስንበት። አሳያታለሁ።

የጥበቃ ቤቱ ጣሪያ። አዲስ ነው ተብሎ ተጽፏል። ግማሹ የድሮው ነው። ይሄንንም።

ድንኳን ውስጥ ያሉት ሰዎች። ዝናቡ ሲመጣ ሊርሱ ነው። ለምን እንደተነቀሉ የነገራቸው የለም። በምሳ ሰዓት ገብቼ ፊት ለፊታቸው ቆሜ፣ እኔ ነኝ እላለሁ። በዕብራይስጥ። ለመናገር አይጠፋኝም።

ፈንቴ። ስሙን እንዳልጠራሁ አያውቅም። ያቭነ ሄጄ እነግረዋለሁ። በሩን ባይከፍትልኝ ከበሩ ውጪ ሆኜ እናገራለሁ።

እታፈራሁ። ያን ዓመት ስግድ ላይ፣ ተራራው ጫፍ ክንዴን ይዛ፣ "ሥራህን ጨርሰህ ነው የመጣኸው?" ብላ ጠየቀችኝ። አልጨረስኩም ብላት ስለኔ ስትጨነቅ በዓሉ ያልፍባት ነበር። ጨርሻለሁ አልኳት። ደስ አላት። እስክትሞት ጨርሷል እንዳለች ነው። ይሄኛው እንዴት እንደሚከፈል አላውቅም። ሰኞ መቃብሯ እሄዳለሁ። አልጨረስኩም ነበር እላታለሁ፣ ገና እየጨረስኩ ነው።