ኢስትሊ የቆመው መኪና

ለምወድሽ እናቴ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈልሽ? ጉልበትሽስ ዘንድሮ አረፈልሽ? ደጁስ፣ ጎረቤቱስ ሰላም ነው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን። በስልክ ስጀምረው እንባ እየቀደመኝ ያልጨረስኩልሽን ነገር ዛሬ ልጻፍልሽ።

አምቡላንስ ስነዳ ሆስፒታል በር ላይ የምውል ይመስልሻል። አይደለም፤ መኪኖቹ በየሰፈሩ ተበትነው ነው የሚጠብቁት። ጥሪ ለሚበዛበት ሰፈር መኪና ይመደባል፣ ዝም ካለው ይነሳል። ጃካራንዳ ዛፍ ሥር ቆሜ፣ አበባው መስታወቱ ላይ ሲረግፍ፣ የከተማዋ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል የምሰማ ይመስለኛል። መንቃቴን እንኳ የምጠራጠርበት ጊዜ አለ።

መጀመሪያ ምድቤ ኢስትሊ ነበር፣ እኛው የምንኖርበት የናይሮቢ ሰፈር። ያገራችን ሰው ታዲያ ሲያመው አምቡላንስ ለሚመድበው ቢሮ መች ይደውላል? ባንታየሁ እያለ ምን ባዕድ ያስጠራናል እያለ ለእኔ ነው። እኔም ደስ እያለኝ፣ ቅርብ ነው ብዬ፣ ለቢሮው ሳልናገር ሆስፒታል አደርሳቸው ነበር። ቢሮው የራሱን ጥሪ ብቻ ስለሚያይ ኢስትሊ በሽተኛ የሌለበት ገነት መሰለው። መኪናዬን አንስቶ ፓርክላንድስ የሚባል ራቅ ያለ ሰፈር አቆመኝ።

ባለቤቴ ሚዛን ደግሞ የመውለጃ ቀኗ እየደረሰ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ከፓርክላንድስ ኢስትሊ መድረስ የማይታሰብ ነው፤ ፈራሁ እማዬ። ቤት ለቤት እየዞርኩ ለእኔ ሳይሆን ለቢሮው ደውሉ ብዬ ለመንኩ። አከራያችን እትዬ ጥሩወርቅ ኮራህብን ብለው አኮረፉኝ። ኋላ ግን ደም ግፊታቸው ሲነሳ ራሳቸው ለቢሮው ደወሉ፤ ሌላውም ተከተላቸው። ቢሮውም ሰፈራችን ላይ ሌላ መኪና አቆመ። ሾፌሩ ሂሻም የሚባል የሞምባሳ ሰው ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት እንደ ልማዴ በሐሳብ ጭልጥ ብዬ ሳለ ሬዲዮው የገዛ ቤቴን አድራሻ ተናገረ። ሚዛን ለእኔ አልደወለችም፤ እንደለመንኳት ለቢሮው ነው የደወለችው። እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። እኔ ከተነሳሁ ግን ፓርክላንድስ ባዶውን ሊቀር ነው፤ እዚያም የሰው ሚስት አለች። ሳልንቀሳቀስ ተቀመጥኩ። ቆይቶ ሂሻም በሬዲዮው በስዋሂሊ እናትም ልጅም ደህና ናቸው ሲል፣ ከድምፁ ኋላ ልጄ ስታለቅስ ሰማኋት። መንገድ ላይ ነው የተወለደችው።

ስሟን አንቺ አውጪላት ብላለች ሚዛን። ወርቂቱን ሳሚልኝ፤ አክስት ሆናለችና ከእንግዲህ ቁምነገረኛ ትሁን። ወንድሜ ጫላ በትምህርቱ እንዲበረታ ንገሪልኝ። የአባዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ደረቱን ሲያመው ቀድመሽ ለእኔ እንደምትደውይ አውቃለሁ። እማዬ፣ መጀመሪያ ቅርብ ያለውን ሰው ጥሪ። እኔ ሩቅ ነኝ።

ልጅሽ ባንታየሁ
ናይሮቢ፣ ኢስትሊ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.