ወለተ ሰንበት እኔ ራሴ መሆኔ እንዲጻፍልኝ

ኅዳር 12 ቀን 1979 ዓ.ም.
አምስተርዳም ኖርድ፣ ሆላንድ

ለላይ ሰፈር ኪዳነ ምሕረት ደብር ጽሕፈት ቤት
ለደብሩ አስተዳዳሪ ለመልአከ ገነት ገብረሥላሴ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የክርስትና ስሜና የዓለም ስሜ የአንድ ሰው መሆናቸው በማኅተም ተረጋግጦ እንዲላክልኝ ስለመለመን

አባታችን፣ ቡራኬዎ ይድረሰኝ። ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። ለመጀመሪያው መልስ አላገኘሁም፤ ለሁለተኛው ጸሐፊዎ፣ መዝገቡ ያለበት ዕቃ ቤት ታሽጎ ቁልፉ ቀበሌ መወሰዱን ጽፈውልኛል። ሌላ የምጽፍለት ስለሌለኝ እንደገና አስቸግርዎታለሁ።

1. እኔ ሰገነት አድማሴ በደብሩ ክርስትና ተነሥቼ፣ ጥር 13 ቀን 1965 ዓ.ም. ከዓምደሚካኤል አበጋዝ ጋር እዚያው በተክሊል ተጋብቻለሁ። መሪጌታ የምስክር ወረቀቱን የጻፉት በክርስትና ስማችን ብቻ ነው፦ ኃይለ ማርያምና ወለተ ሰንበት። ያን ቀን ደስታ ላይ ስለነበርን የዓለም ስማችንን ይጨምሩልን አላልንም።

2. በ1966 ለነርስነት ትምህርት ወደ አሜሪካ ሄድኩ። ላገባች ሴት የተማሪ ቪዛ አይሰጥም ስለተባልኩ ያላገባች ብዬ ሞላሁ። ተምሬ የምመለስ መስሎኝ ነበር። በኋላ ዜግነቱን ስወስድም ያው ቃል ተከተለኝ። ባለቤቴ በሱዳን በኩል ወጥቶ በ1976 ሆላንድ ገባ። የስደተኛ ጉዳይ ሹማምንት የሚስቱን ስም ሲጠይቁት፣ ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር እንዲስማማ ብሎ ወለተ ሰንበት አላቸው። እሱ የክርስትና ካርዱን ስለያዘ ሁለቱም ስሙ ታውቆለታል። እኔ ካርድ የለኝም።

3. ባለፈው ሐምሌ ሥራዬን ለቅቄ፣ ቤቴን አስረክቤ፣ ከእሱ ጋር ልኖር ጠቅልዬ መጣሁ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነበር የተያየነው። ጠዋት ዛንዳም ከተማ ወደሚሠራበት መጋዘን ሲሄድ ምሳውን የምቋጥርለት እኔ ነኝ፤ በሕግ ግን እንግዳው ነኝ። ለመኖሪያ ፈቃድ ሄግ ድረስ ተመላለስኩ። አሜሪካዊት ሆኜ እዚህ መኖር መፈለጌ ራሱ ያጠራጥራቸዋል። ሚስቱ ወለተ ሰንበት ናት፣ አንቺ ማን ነሽ ይሉኛል። እንግዲያው እዚሁ እንጋባ ብንል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ባለትዳር እንደማያጋባ፣ መጀመሪያ ባለቤቴ ወለተ ሰንበትን መፍታት ወይም መሞቷን ማሳየት እንዳለበት ነገረን። ለመፍታትም እሷ በፓስፖርቷ መቅረብ አለባት። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

4. የቆይታ ፈቃዴ ታኅሣሥ 22 ያበቃል። እሱን ወደ አሜሪካ እንዳልወስደው እዚያ ያላገባች ነኝ።

ስለዚህ የምለምነው፣ ዕቃ ቤቱ ከተከፈተ መዝገቡ ታይቶ፣ ካልተከፈተም የክርስትና እናቴ ወይዘሮ ጥሩአየሁ በሕይወት ካሉ ቃላቸው ተጽፎ፣ ወለተ ሰንበት እኔ መሆኔ እንዲገለጽልኝ ነው።

ይህ በቀረችኝ ጊዜ ውስጥ እንደማይደርስልኝ ልቤ ያውቀዋል። የማይሆን ከሆነ፣ ወለተ ሰንበት ማረፏን ብቻ ጽፈው ይላኩልኝ። አባትን እንዲህ ያለ ነገር መለመን ድፍረትም ኃጢአትም ነው፤ እየጻፍኩም አፍራለሁ። የገዛ ባሌን ላገባበት ነው። ሐሰት እንዳይሆንብዎ ጸሎተ ፍትሐቱንም ያድርሱላት፤ እኔም ከእንግዲህ በዚያ ስም አልቆርብም።

ከአክብሮት ሰላምታና ከብዙ ይቅርታ ጋር

(ፊርማ)
ሰገነት አድማሴ