ከተያዝክ አላውቅህም

ቅዳሜ

ዳዊት ስልክ አያነሳም። ከጠዋት ጀምሬ እየደወልኩ ነው። መጀመሪያ ይጠራ ነበር፣ አሁን ጭራሽ ተዘግቷል። እህቱ ሂሩትም የት እንደገባ አታውቅም። «ያንቺን ቆርቆሮ ልፈልግ ብሎ ነው የወጣው» አለችኝ። ሳቄ መጣ። በዚህ ጭቃ ሲንከራተት ታየኝ።

ከሰዓት። ጉዴ ፈላ። ሂሩት ደወለች፣ ዳዊት ፖሊስ ጣቢያ ነው! አቃቂ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ማዶ ያለው የእንጨት መጋዘን ዙሪያውን ሲዞር ዘበኛው ጠርጥሮት ፖሊስ ጠራ። ኪሱ ሲፈተሽ የእኔ ፍንጭ ተገኘ። የስልኩ ስክሪን ስለተሰበረ ፍንጭ ሁሉ በወረቀት ገልብጦ ነው የሚሄደው።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፣ ነገ ብጠየቅ እንዳልንተባተብ። አራት ሰዎች ነን። ሂሩት፣ ወንድሟ ዳዊት፣ የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ጀማል፣ እኔ የዩኒፎርም ሰፊዋ ሰብለ። ጨዋታውን ሂሩት ናት ከኢንተርኔት ያመጣችው። አንዱ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ማኅተም፣ የማኅተም ቀለምና ትንሽ ደብተር ያደርግና የሆነ ቦታ ይደብቃል፣ ከዚያ ፍንጭ ይጽፋል። ያገኘው ሰው የራሱን ማኅተም እዚያ ደብተር ላይ ይመታል፣ የቆርቆሮውን ማኅተም ደግሞ በራሱ ደብተር ላይ ይመታል፣ ከዚያ መልሶ ቦታው ያስቀምጣል። በቃ ይኸው ነው። የሚሰረቅ የለ፣ የሚሸጥ የለ። ማኅተሙን የምንቀርጸው ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ ሶል ነው። የእኔ ማኅተም የመቀስ ምስል ነው።

የቴሌግራም ግሩፓችንን ስም አኩኩሉ ብለነዋል። ደባቂው ገና ካልጨረሰ «አልነጋም» ይላል፣ ሲጨርስ «ነጋ» ብሎ ፍንጩን ይለጥፋል። ይህን ፖሊስ ሲያነበው ምን ይመስለዋል?

ፍንጭ ስንጽፍ እንደየጠባያችን ነው። ጀማል እንደ ደረሰኝ ነው የሚጽፈው፦ ግራ፣ ቀኝ፣ ድንጋይ፣ አለቀ። ሂሩት ካልገጠመች አይሆንላትም፣ ቆርቆሮው ድልድይ ሥር ተቀምጦ እሷ ስለ ፍቅር ታለቅሳለች። ዳዊት አይጽፍም፣ መፈለግ ብቻ ነው የሚወደው። እኔ ግን አስፈራራለሁ። በረሮ አይቼ አልጋ ላይ የምወጣ ሴት ወረቀት ላይ ስሆን አልቻልም። የፈላጊው ልብ ድው ድው ካላለ ፍንጭ የጻፍኩ አይመስለኝም። ደግሞ በእያንዳንዱ ፍንጭ አንድ ውሸት አስገባለሁ። አራታችንም ይህን እናውቃለን፣ ውሸቷን መያዝ ነው ጨዋታው። መዝጊያዬ ደግሞ ሁሌም አንድ ነው። የአሁኑ እንዲህ ይላል፦

«ዘበኛው ከመቀመጫው እስኪነሳ ጠብቅ። ማንም እንዳያይህ። የምትፈልገው በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጥዱ ሥር አለ። ድንጋዩን አንሳ፣ ሥራህን ሥራ፣ እንደነበረ መልስ። ከተያዝክ አላውቅህም።»

እግዚኦ! ይኼ ነው አሁን መርማሪ ጠረጴዛ ላይ ያለው። እኔስ ምን አደረግኩ? ግሩፑ ላይ የነበረውን አጠፋሁት። ሳላስበው ጣቴ ነካው ብዬ ለራሴ ልዋሽ ነበር። አስቤ ነው ያጠፋሁት።

እሑድ

ሂሩት ምሳ አድርሳለት መጣች። «ቅመሺ አሉኝ፣ ቀመስኩ። የገዛ ሽሮዬን!» አለች። ለካ ምግብ ያመጣ ሰው እዚያው ፊታቸው መቅመስ አለበት። ዳዊት ደህና ነው፣ ግን ሲደነግጥ እንደሚያደርገው ጭጭ ብሏል። «ጨዋታ ነው» ብሎ አንዴ ተናገረ፣ ከዚያ በኋላ ዝም። ዝምታው ደግሞ ያስጠረጥረዋል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለሆነ ቦርሳው ውስጥ ፒንሳና ሽቦ ነበር። ፒንሳና ሽቦ! ደግሞ ያ ፍንጭ!

ጥዱ ሥር ቆፍረው ምንም አላገኙም። እንዴት ያገኛሉ? ጥዱ ውሸቱ ነው። ቆርቆሮው ያለው ዘበኛው የሚቀመጥበት ድንጋይ ሥር ነው። ለዚህ እኮ ነው «ከመቀመጫው እስኪነሳ ጠብቅ» ያልኩት። ሳስቀምጠው የድሮው ዘበኛ ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ብድግ ብለው ድንጋዩን ይዘውልኛል፣ ሲስቁ ነበር። አሁን ወንድማቸው ሞቶባቸው አገር ቤት ለቅሶ ሄደዋል። ስልካቸው አይሰራም። አዲሱ ዘበኛ ስለ ጨዋታው የሰማው ነገር የለም። ፖሊሶቹ ደግሞ ምንም ስላላገኙ አንድ ነገር ነበረ፣ ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶታል ብለው አሰቡ።

ሂሩት ስትወጣ በር ላይ ቆማ «ሰብልዬ፣ ፍንጩ ግሩፑ ላይ የለም እኮ» አለችኝ። «ኔትወርክ ይሆናል» አልኳት። ዓይኔን አየችኝ። ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዛ ሄደች።

የምፈራው ምንድን ነው? ያስሩኛል። ልጄ ሊዲያ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፣ ማን ያያታል? አባቷ ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ ሲፈልገው ይይዛል፣ ሲፈልገው አይይዝም። ጎረቤት ምን ይላል? ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከመጣን ገና ነው፣ ደረጃ ላይ ሰላም የምንባባለው እንኳ በስንት መከራ ነው። ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ዳዊት ስሜን እንዳይጠራ ነው። ጻፍኩት፣ ይውጣልኝ። ወንድሜ በሚሆን ሰው ላይ እንዲህ ያለ ሐሳብ!

ሰኞ

ዛሬ ልሄድ ተነስቼ ነበር። የምሬን ነው። ነጠላዬን ለብሼ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ፖሊስ ጣቢያው ጋ ስንደርስ «ወራጅ» ማለት አቃተኝ። ረዳቱ «እናት፣ እዚህ አይደል ያልሽው?» ሲለኝ «ወደፊት ነኝ» አልኩት። ወደፊት ወደፊት እያልኩ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ደረስኩ። እዚያ ሴቶች ምሳ ዕቃቸውን አቅፈው ዝናብ ላይ ተሰልፈዋል። አንዷ ምሳ ዕቃዋን በልጅ ሹራብ ጠቅልላዋለች፣ እንዳይበርድባት። በሌላ ታክሲ ተመለስኩ።

ሱቄ ገብቼ ልሰፋ ሞከርኩ። የአንድ ተማሪ ኮት ኪስ ገልብጬ ሰፋሁ፣ አፉ ወደ ታች። ተረተርኩት።

ማምሻውን ጀማል ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ማጥፋቴን ጭምር። አልተቆጣኝም። ብሎን እየለየ ሰማኝ። ከዚያ «ምን ብለሽ ልትነግሪያቸው ነው?» አለኝ። ጀመርኩ። ከኢንተርኔቱ ተነስቼ፣ በጋሽ ወርቁ አልፌ፣ ስለ ውሸቷ ሳብራራ እጁን አነሳ።

«ኧረ ተይ! አንቺ ስትናገሪ እኔ ራሴ እጠረጥርሻለሁ። ፍንጭ ያስመስልሽዋል።»

የካርቶን ክዳን ቀዶ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ፦ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጨዋታ ነው። ዕቃው ዘበኛው መቀመጫ ሥር ነው። ኑ ላሳያችሁ።» የጀማል አጻጻፍ! ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ። ዛሬ ካርቶኗን ጡቴ ሥር ወሽቄ ወጣሁ። «ልጅቷን ጠዋት እኛ ጋ አምጫት» አለኝ። «ብትቆዪም እኛ ጋ ናት።» ብትቆዪም ያላት ቃል ግን እስካሁን እየዞረችብኝ ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ ግን ወረድኩ።

ሊዲያን ለጀማል ሚስት ሰጥቼ ሄድኩ። በዚህኛው ታክሲ ገና ከመድረሳችን «ወራጅ!» ብዬ ጮኽኩ፣ ሰው ሁሉ ዞረብኝ።

የምትመረምረው ሳጅን ሴት ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ብርድ ይዟት አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። ካርቶኗን ማውጣት አፍሬ በቃሌ አልኩት። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጨዋታ ነው። ከዚያ እንባዬ መጣ፣ የቀረውን በልቅሶ ነው የጨረስኩት።

ሳጅኗ ፍንጩን አወጣችና ጮክ ብላ አነበበችው። ድምጿ እንደ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው። የራሴ ቃል በእሷ አፍ እንዴት እንደሚያስጠላ! መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ከተያዝክ አላውቅህም። ይኼ ምንድን ነው?»

«ቀልድ ነው፣ ሳጅን።»

«ማንን አሳቀ?»

ወረቀቱን አስቀመጠችው። «ልጁ ሌላ ነገር አይመልስም፣ ማን ጻፈው ስንለው ብቻ አላውቀውም ይላል። ስንጠይቀው አላውቀውም፣ ስንጠይቀው አላውቀውም።»

እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ! ለካ እኔ በቀልድ የጻፍኩትን እሱ እዚያ ተቀምጦ ስለ እኔ ይለዋል።

ከሁለት ፖሊሶች ጋር ወደ መጋዘኑ ሄድን። መንገዱን በሙሉ ስጸልይ ነበር። ዝናቡ ወስዶት ቢሆንስ? ቁራሌው አይቶት ቢሆንስ? የወተት ቆርቆሮ ሲያይ መቼ ያልፋል። አዲሱ ዘበኛ ድንጋዩ ላይ ማዳበሪያ አንጥፎ ተቀምጧል። «ተነስልን» አሉት። ድንጋዩ ተነሳ።

ምንም የለም። ጭቃና አንድ ትል።

ግድግዳውን ያዝኩ። ፖሊሶቹ ተያዩ። «እዚህ ነበር፣ በእመብርሃን እዚህ ነበር፣ የወተት ቆርቆሮ» አልኩ። ዘበኛው ፖሊሶቹን አየ፣ እኔን አየ። «ክዳኑ ላይ ሰማያዊ ያለበት?» አለ።

ገብቶ አመጣው። የገባ ሰሞን መቀመጫውን ሲያስተካክል አግኝቶት፣ የጋሽ ወርቁ መስሎት አጥቦ ስኳር አድርጎበታል! ማኅተሙን፣ ቀለሙንና ደብተሩን ግን አልጣለም። «የሰው ዕቃ ነው ብዬ» መስኮቱ ላይ አስቀምጧቸዋል። አንዱ ፖሊስ ማኅተሙን በቀለሙ ነካ አድርጎ የፍንጩ ወረቀት ጀርባ ላይ መታው። መቀስ ወጣ። ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይም ያችው መቀስ አለች። ዘበኛው ነገሩ ሲገባው እንደ እኔ ደነገጠ። «እኔ እኮ ቂጤ ሥር የነበረውን ነው ያስቆፈርኳቸው» አለ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ዳዊት ማምሻውን በእህቱ ዋስትና ወጣ። ጢሙ አድጓል። ሂሩት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አልለቅ አለች። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ፣ መቅረብ ፈራሁ። ሲያልፍ ቆም አለና «ጥዱ ውሸት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር» አለኝ። እህቱን ይዞ ሄደ።

ረቡዕ

ግሩፑ ላይ ማንም ምንም አልጻፈም። ሳጅኗ ስትሸኘን «ካስፈለገ ትጠራላችሁ» ስላለች ስልክ በጮኸ ቁጥር እዘላለሁ። ጠዋት የደወለው የማላውቀው ቁጥር ነበር። አላነሳሁትም። መልሶ ደወለ። ለካ ዩኒፎርም የምታሰፋ እናት ናት።

ለዳዊት ደወልኩ። «ይቅር በለኝ፣ ማጥፋቴንም ይቅር በለኝ» አልኩት። «ደክሞኛል፣ ሰብልዬ» አለ። ተቆጥቶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሂሩትስ? «ማጥፋትሽን ያኔውኑ አውቄያለሁ» አለችኝ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራን።

ዓርብ

ሌላ ፍንጭ ልጽፍ ሞከርኩ፣ በጀማል አጻጻፍ። ግራ፣ ቀኝ፣ ድንጋይ። «ድንጋይ» ላይ ስደርስ የዘበኛው መቀመጫ ታየኝ። ቀደድኩት።

መጋዘኑ ባለበት መንገድ አላልፍም፣ በጭቃው በኩል ዞሬ ነው ሱቅ የምሄደው። ጫማዬ አለቀ። ሊዲያ «ለምንድን ነው በዚህ የምንሄደው?» ትላለች። «ለስፖርት» አልኳት።

ማታ ግሩፑ ላይ ዳዊት «አልነጋም» ብሎ ጻፈ። ዳዊት! ጽፎ የማያውቅ ሰው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ

ጠዋት «ነጋ» አለ። ፍንጩን ግን አልለጠፈውም፣ በሂሩት እጅ በወረቀት ላከልኝ። ለእኔ ብቻ። እንዲህ ይላል፦

«ቀን ላይ ነይ። ሊዲያን ይዘሽ ነይ። በዋናው መንገድ ሂጂና በትልቁ በር ግቢ። ዘበኛውን ጤና ይስጥልኝ በዪው። ማን ነሽ ቢልሽ ስምሽን ንገሪው። ማን ያውቅሻል ቢልሽ ዳዊት ያውቀኛል በዪ። ውሸት የለበትም።»

ብዙ ጊዜ አነበብኩት። አንድም የሚያስፈራ ቃል የለውም፣ እኔ ግን እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ፖሊሱ ቢኖርስ? ዘበኛው ቂም ይዞብኝ ቢሆንስ? ልቅር አልኩ። ሊዲያ ግን ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች።

በዋናው መንገድ ሄድን። ጣቢያው በር ላይ ስናልፍ እጇን ጨበጥኳት፣ «አመመኝ» አለች፣ ላላ አደረግኩላት። የመጋዘኑ በር ክፍት ነው። ዘበኛው ማዳበሪያውን አንጥፎ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። አየኝ፣ አልሳቀም።

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩት።

«ማን ነሽ?»

ያውቀኛል እኮ! ፊቱ ተቀምጬ ያለቀስኩ ሴት ነኝ። «ሰብለ እባላለሁ» አልኩ። ሊዲያ ከታች ሆና ታየኛለች።

«ማን ያውቅሻል?»

«ዳዊት» አልኩ። ድምፄ አልወጣም፣ እንደገና ጮክ ብዬ አልኩት። «ዳዊት ያውቀኛል።»

ዘበኛው ማዳበሪያውን አጥፎ ከመቀመጫው ተነሳልኝ።