የሐጂ ድንጋይ አበባ

ሰኞ፣ ጥር 6 ቀን 2016

የሐጂ ድንጋይ አበበ! የኔው አረንጓዴ ንፍጥ ለብሶ ተጎልቷል። ሁለቱም ለየዓሣ ገንዳችን ጌጥ እንዲሆኑ በአንድ እርጥብ ጆንያ ከበርበራ ባሕር ነው የመጡት። ያመጣቸው ጎረቤቴ ሐጂ ራሱ ነው፤ የባሕሩንም ውኃ በጀሪካን። ሲያካፍለኝ ለራሱ መርጦ ኖሯል!

የሐጂ ገንዳ ውስጥ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ግንዱ መስታወት የመሰለ፣ አናቱ ቡናማ ጸጉር ያወጣ ነገር ቆሞ ይወዛወዛል። ሲነኩት ሽምቅቅ ይላል። ተክል ይሁን እንስሳ የሚያውቅ የለም።

ያናደደኝ እሱ አይደለም። የልጄ ልጅ ሐና ነች። ከቢሮ ስትመለስ ከኔ ጋር በካርታ ኮንከር ትጫወት ነበር። አሁን ቦርሳዋን ወርውራ ሐጂ ቤት! ፎቶ፣ ፎቶ፣ ፎቶ።

ማክሰኞ፣ ጥር 7

ሄጄ በደንብ አየሁት። ያምራል። ይህን ለሐጂ አልነገርኩትም።

መነጽሬን አደረግሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ሐጂ፣ ይሄ ተባይ ነው። ዓሣህን ይጨርስብሃል።» ከየት አመጣሁት? ከሆዴ።

ሐጂ ያቺን ባለ ሸንተረር ዓሣ ከልጆቹ አይለያትም፤ ስም እንኳ አውጥቶላታል፣ ዴቃ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ወላሂ?»

«እኔ ልዋሽህ? በምላጭ ቆርጠህ ጣለው።»

ሐና በጎሪጥ ታየኛለች።

ረቡዕ፣ ጥር 8

ቆረጠው! ድንጋዩ እንደ ባለቤቱ ራሰ በራ ሆነ። ማታ ሐና ካርታ ይዛ መጣች። ደጋግማ ረታችኝ፤ ምንም አልመሰለኝም። ፎቶውን ስለ ባሕር ለተማረች ጓደኛዋ ልካዋለች። ትላክ። የሟች ፎቶ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 17

ጥምቀትን በሰላም አሳልፌ፣ ዛሬ ጉድ ወጣ። ሐጂ በጠዋት በሬን ደበደበው። «ታደሰ፣ ና! ወልዷል!»

በአንዱ ፈንታ ድንጋዩን ትናንሽ ሞልተውታል። ዴቃ ጥግ ይዛለች፤ ምግብ አትነካም።

ሐና የጓደኛዋን መልስ አነበበችልን። እንስሳ ነው። የምር ተባይ ነው፣ ይናደፋል። ከቆረጡት ግን ከየቁራጩ ሌላ ይበቅላል! መድኃኒቱ የሎሚ ጭማቂ በመርፌ መውጋት ነው።

ሐጂ ትከሻዬን ያዘኝ። «አንተ ሽማግሌ፣ በዓይንህ ብቻ ለየኸው እኮ! እኔ ነኝ አቆራረጡን ያላወቅሁበት።» መሬት በዋጠችኝ።

ሐና አልማረችኝም። «አባባ፣ ተባይ መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ዕድሜ!»

ቅዳሜ፣ ጥር 18

ሎሚ ጨምቀን ዋልን። የሐጂ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ መርፌውን እኔ ያዝሁ፤ ሐና ባትሪ አበራች። ወጋ ሳደርገው ኩምትር ይላል። ሐጂ ፊቱን ያዞራል። «አሁንስ ሞተ?» «ሞተ።» «ምስኪን!» የዓሣውን ጠላት ያዝንለታል፣ ይሄ ሰውዬ።

ዴቃ አሁንም ጾመኛ ነች። እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ሰኞ፣ ጥር 20

ዴቃ በላች! ተመስገን። ሐጂ ለሰፈሩ ሁሉ «የባሕር ሐኪም» እያለ ስሜን ይነዛል። አላረምሁትም።

ደስታዬን ሳልጨርስ ሐና መጣች። «አባባ፣ ከድንጋዩ ሥር አንዲት ተርፋለች። ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ እየሄድኩ እከታተላታለሁ።»

ማታ ማታ!

ሎሚውንና መርፌውን ኮቴ ኪስ ውስጥ ከትቻለሁ። ነገ እሷ ቢሮ ሳለች ሐጂ ቤት ነኝ። ለዴቃ ብዬ ነው፤ እሺ፣ በከፊል። ብቻ ብስታትስ? እንደገና ትፈላለች፣ ሐናም እዚያው ትከርማለች። እጄ ሆይ፣ አደራ።