የፀጉር ቤቱ መስታወት

ጋሼ፣

የፀጉር ቤቱን ስቲከር ዛሬውኑ ሄደህ አንሳው። መስታወቱን በሳሙና ውሃ ሳታርስ በደረቁ ስለለጠፍከው እንዳለ አየር ይዟል። ትናንት ይህንኑ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ፊት ባልነግርህ ይሻል ነበር፤ እሱን አምናለሁ።

ግን ሰው ለዚህ ብሎ የገዛ ወንድሙን ጭንቅላት ከመስታወት ጋር ያላትማል? ያውም ሁለቴ! የመጀመሪያውን ታላቄ ነህ ብዬ ዋጥኩት። በሁለተኛው ግን የስቲከር መቁረጫው ካተር እጄ ላይ ነበር። ሳላስበው ነው አልልህም፤ አስቤ ነው ክንድህን የሰነጠቅኩት።

አንተ ደግሞ ክንድህን በሸሚዝህ ጠቅልለህ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ስራውን ጨረስክ። ጉድ እኮ ነው! ከስቲከሩ ስር ደም አለ። ያንተ ይሁን የኔ፣ እንጃ።

አዲሱን ቆርጬ፣ ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬልሃለሁ። አሮጌውን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅህ ከጥግ ጀምረህ ቀስ ብለህ ላጠው። ከዚያ መስታወቱን ደህና አድርገህ እጠበው።
ቁስልህን ውሃ እንዳይነካው። ረጅሙን ጓንት ከበሩ ኋላ ሰቅዬልሃለሁ።

እማዬ ከደወለች መስታወት ቆረጠኝ በላት። እኔ ግንባሬን በር መታኝ ብያታለሁ።

የት ነህ ብለህ አትደውልልኝ።

ካተሩንም አትፈልገው፤ ይዤው ሄጃለሁ። ትናንት ክንድህ ላይ ከማሳረፌ በፊት ያየሁት አንገትህን ነበር።